አባቴ ሲጠብቀኝ የዋልኩበት ሥራ

አባቴ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ የማይችል ሰው ነበር። ገና «ዛሬ እኮ ገበያ...» ስትሉት «ሽንኩርት ተወደደ» ብሎ ይጨርስላችኋል። ልትነግሩት የፈለጋችሁት ስለ ሽንኩርት ካልሆነም አያፍርም። «እሺ፣ እንግዲያው ምን ነበር?» ይልና መልሳችሁን ሳይጠብቅ ሁለተኛ ይገምታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውንም ይስታል። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከሽመና ማሽን ጩኸት ጋር ዕድሜውን ስለጨረሰ፣ የሰውን ወሬ ከከንፈሩ እየገመተ መጨረስ ለምዶበት ነው ትላለች እህቴ ዘሃራ።

እኔ ካዛንቺስ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ኮድ እጽፋለሁ። አንድ የአረፋ ሰሞን ቤት ሄጄ አባቴ ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ፣ ኦቶኮምፕሊት የሚባል ነገር እንዳለ ነገርኩት። የቃሉን ሁለት ሦስት ፊደል ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ቀሪውን ራሱ ገምቶ በዝርዝር ያቀርብልሃል አልኩት።

«ታዲያ እሱ እኔ ነኛ» አለኝ።

«እሱ እንኳ አይስትም አባ» ስለው ዘሃራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ልነግራችሁ የተነሣሁት አባቴ ስለሞተበት ቀን ነው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በዙሪያዬ የነበረ ሰው ሁሉ መሞቱን ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲያውቁና ሲደብቁኝ በዋሉበት በዚያ ሁሉ ሰዓት ደግሞ እኔ የሠራሁት አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ኦቶኮምፕሊት ስጭን ዋልኩ።

ያኔ ላንቻ፣ አጎቴ ሰይድ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል እኖር ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች እኔና ዘሃራ ያለን ወላጅ አባታችን ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ «ጥቁር ስክሪን» እያሉ ይጠሩኛል። ሌላው ሰው ኮዱን የሚጽፈው ባለ ቀለም፣ በማውዝ እየተነካ በሚሠራ ፕሮግራም ነው። እኔ ግን ተርሚናል ውስጥ ባለ፣ ጥቁር መደብ ላይ ፊደል ብቻ በሚያሳይ የኮድ መጻፊያ፣ ኤዲተር፣ ካልሆነ እጄ አይፈታም። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። በዚህ ከሁሉ በላይ የሚቀልድብኝ ብሩክ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ቢሮም ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። «ይሄን ሙዚየምህን መቼ ነው የምትዘጋው?» ይለኛል።

ያን ቀን ጠዋት ቢሮ ስደርስ ብሩክ ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት። ብሩክ ቀድሞኝ ገብቶ አያውቅም።

«እንድሬ፣ ያን ጥቁር ኤዲተርህን የእኔም ኮምፒውተር ላይ ጫንልኝ» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ቦርሳዬን አስቀምጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«እየቀለድኩ አይደለም። ማለቴ፣ የዚያ አንተ የያዝከው ደንበኛ ሰርቨር ላይ እኔም መግባት ሊኖርብኝ ነው። እዚያ ደግሞ ከተርሚናል ሌላ የለም። በቃ ኦቶኮምፕሊቱን ሁሉ እንደ አንተ አድርገህ አስተካክልልኝ።»

«ዛሬ የራሴ ሥራ አለኝ ባክህ።»

«ከእትዬ አልማዝ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለብህም።»

እትዬ አልማዝ የቢሮአችን አስተዳዳሪ ናቸው። አምስት ደቂቃ ያረፈደን ሰው በዓይናቸው ብቻ የሚያሸማቅቁ ሴት። በዚያው ቅጽበት በራፉ ላይ ብቅ ብለው «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ?» አሉኝ። የኔ ልጅ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ። ለዓመታት የተሳለቀብኝ ሰው ዛሬ እጁን ሰጠ ብዬ ወንበሬን ወደ እሱ ጠረጴዛ ሳብኩ። ብሩክ እኔን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ከዚህ የተሻለ ገመድ እንደሌለ በደንብ ያውቅ ነበር።

ዋይፋዩ አይሠራም አለኝ። ሶኬቱን የነቀለው ራሱ እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው። ኢንተርኔቱን ከእኔ ስልክ እንድናገኝ ሆትስፖቱን አስከፍቶ፣ «ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል» ብሎ ወስዶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ከመስኮቱ ባሻገር ድሮ የቆርቆሮ ጣሪያ ተደራርቦ ይታይ የነበረበት ቦታ ባዶ ሜዳ ሆኖ፣ ዳር ዳሩን አዲስ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎበታል። እኔ ግን መስኮቱንም ስልኩንም አላየሁም። ሥራ ጀምሬያለሁ።

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ኤዲተሩ ብቻውን ባዶ ነው፤ ስለምትጽፉት ኮድ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ከጀርባ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱ ኮዱን እያነበበ፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል ለኤዲተሩ በጆሮው ያቀብላል። የእኔ ሥራ ሁለቱን ማውረድና ማስተዋወቅ ነበር። ሲሠራ ግን አንዱ አርጅቷል፣ ሌላው ከእሱ ጋር አይስማማም፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ አራተኛ ነገር ካልመጣልኝ ይላል። ሽምግልና በሉት።

ትልቁን ፋይል እያወረድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ሄደና አየው።

«ማነው?» አልኩት ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል።

«ማስታወቂያ ነው» ብሎ ዘጋው።

የእኔ ስልክ ጥሪ ሲገባ ኢንተርኔቱን ይቆርጣል። የወረደው ግማሽ ፋይል ገደል ገባ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ተደወለ፤ ብሩክም እንደገና ዘጋው። ተናድጄ ተነሣሁና ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ፣ ምንም ዓይነት ጥሪ እንዳይገባ ከነጭራሹ አገድኩት። ማን እንደደወለ እንኳ አላየሁም።

«ከቤት ቢፈልጉህስ?» አለኝ ብሩክ ቀስ ብሎ። እንዲህ ያለው ምን ነክቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አንዴ ዕድል ሊሰጠኝ ይሆናል።

«ይጠብቁ። የሚሞት ሰው የለም» አልኩት።

ብሩክ ስልኩን መልሶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። 

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሊደርስ ሲል ተሳካልኝ። ሁለት ፊደል ስጽፍ ከሥሩ ዝርዝሩ ዱብ አለ። «አየኸው?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«አለቀ ማለት ነው?» አለኝ። ድምፁ የደስታ አልነበረም።

«ምነው፣ ደስ አላለህም እንዴ?»

«ኧረ ደስ ብሎኛል። ማለቴ... እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም።»

ተነሥቼ ውዱእ አደረግኩና እንደ ልማዴ ካርቶን የሚከመርባት ክፍል ገብቼ ሰገድኩ። አባቴን በዚያ ሰሞን ደረቱን ያመው ነበር። ስለዚህ ከሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ «ያ አላህ፣ አባቴን አፊያ አድርግልኝ፣ ዕድሜውን አርዝምልኝ» ብዬ ለመንኩ። አባቴ ግን የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግዶ መስገጃው ላይ ጋደም እንዳለ፣ ዘሃራ ሻዩን ይዛለት ሳትመጣ ነበር የሞተው። ለሞተ ሰው ዕድሜ እየለመንኩ ነበር። ከዚያን ቀን ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ይህ ነው።

ተመልሼ ስመጣ ኦቶኮምፕሊቱ ጠፍቷል።

«ምን ነካህበት?»

«ምንም። አንድ ነገር ስጽፍ በቃ ዝም አለ።»

እየተነጫነጭኩ ልቀመጥ ስል እትዬ አልማዝ ምሳ አስመጥተው ገቡ። በያይነቱ ነው፤ እኔና እነሱ አንድ ትሪ ላይ የምንቀርበው በጾም ምግብ ስለሆነ። ከእኛ ጋር ምሳ በልተው የማያውቁት ሴትዮ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ራሳቸው እየበሉ አይደለም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

«ብላ እንጂ። ሆድህን ያዝ አድርገው» ይሉኛል። አንዴ አጎረሱኝ። ደገሙኝ። «ጉርሻ አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» ብለው ሦስተኛውንም አቀረቡልኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው?» አልኳቸው።

«ምን ይገኛል ልጄ። ሰው እኮ... በዚህ ዓለም ሁሉም ነገር...» አሉና አቋረጡት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሥተው ወጡ።

እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ ነኝ። የተቆረጠ ወሬ ጀምረው ሲተዉልኝ መጨረስ ደሜ ውስጥ አለ። ብሩክ በእኔ ሰርቨር ላይ መግባት ፈልጓል። በእኔ ኤዲተር መሥራት ፈልጓል። ሌላ ሥራ የለብህም ተብያለሁ። አስተዳዳሪዋ እያጎረሱ ያለቅሳሉ። ሊያባርሩኝ ነው፤ ሥራዬን የሚረከበው ብሩክ ነው። ገመትኩ፤ እንደ አባቴም ሳትኩ።

ብሩክን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠየቅኩት። «ሊያባርሩኝ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ምንድን ነው? ንገረኝ። አንተ ነህ መንገር ያለብህ።»

«አይደለም ወንድሜ። በአምላክ፣ ማንም አያባርርህም። በቃ እሱን... እሱን ጨርስልኝ።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አላመንኩትም።

ሲከፋኝ ለአባቴ መደወል ልማዴ ነው። ምንም አይመክረኝም፤ ያልተናገርኩትን እየገመተ ያስቀኛል እንጂ። «ስልኬን አቀብለኝ፣ አባቴ ጋ ልደውል» አልኩት። ብሩክ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። «እያወረድክ ያለኸው ነገር ይቋረጥብሃል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከምሳ በኋላ እንደገና ማውረድ ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ብደውል የአባቴን ስልክ ዘሃራ ታነሣው ነበር። ደግሞ ተቋርጦብኝ ከምናደድ ብዬ «ማታ እደውልለታለሁ» አልኩና ተመለስኩ።

በእልህ ሠራሁ። የሚያባርሩኝ ከሆነ ምን እንደሚያጡ ይዩ ብዬ። ሁሉንም ከሥር ፈትቼ ድጋሚ ገጠምኩት፤ ዝርዝሩ አልመጣም። ከጀርባ ያለው ፕሮግራም አለ፤ ይሠራል። ኤዲተሩም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ የማስተካከያውን ፋይል መስመር በመስመር ሳነብ፣ ፕሮግራሙ የት እንዳለ ለኤዲተሩ የሚናገረው መስመር የለም። ጠዋት በእጄ የጻፍኩት መስመር ነው። ሳያውቅ አጥፍቶት ይሆናል ብዬ ብሩክን ተቆጥቼ መልሼ ጻፍኩት።

ሁለት ፊደል ነካሁ። ዝርዝሩ ወጣ። ከሩቅ የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ይሰማል። «በለው!» ብዬ አጨበጨብኩ። ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ የታፈነ ንዴቴ በሳቅ ወጣ። ብሩክ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል።

«አንተ፣ ለኮድም ይለቀሳል?» አልኩት።

በዚያች ሰዓት ኮምቦልቻ ላይ አባቴን ወደ መቃብር ይዘውት እየወጡ ነበር።

ከቢሮ ስንወጣ ብሩክ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረደና እሱ ያዘው። በእግር እንሂድ አለኝ። በባምቢስ በኩል ወርደን መስቀል አደባባይ ደረስን። ደረጃው ላይ ልጆች ስፖርት ይሠራሉ፤ ባቡሩ በላይ ያልፋል። እኔ ስለ አባቴ እያወራሁ ነበር። አንዴ የሰፈር ሽማግሌ «ልጅህን እንድሪስን...» ሲሉት «አልድረውም፣ ገና ነው» ብሎ ጨርሶ፣ ለካ ሰውየው ልጅህን እንድሪስን ጫማዬን እንዲያመጣልኝ ላክልኝ ሊሉት ኖሯል። ብሩክ ሳቀ፤ ከዚያ እጄን ያዘኝ። ሪቼን አልፈን ላንቻ እስክንደርስ አልለቀቀኝም።

የአጎቴ ግቢ በር ሁለቱም መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረንዳው ላይ የጫማ ክምር አለ። ወንዶች በግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ ማንም አያወራም። ያን ጊዜ ሰው እንደሞተ ገባኝ። ማን እንደሆነ ግን ልቤ አልነገረኝም። የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ማን እንደጎደለ ፈለግኩ። አጎቴ ሰይድ አሉ። ባለቤታቸው አሉ። ልጆቻቸው አሉ።

አጎቴ ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ። «እንድሪስ፣ ና ልጄ፣ ተቀመጥ። አባትህ...» አሉና አቋረጡት። እንደገና ጀመሩት። «አባትህ ዛሬ ጠዋት...»

የሚጨርስላቸው ሰው የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። የተቆረጠ ወሬ ተንጠልጥሎ ሲቀር የማይወድ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ እዚያ አልነበረም።

«ሞተ» አልኩ እኔ።

ከዚያ በኋላ የሴቶቹን ጩኸት ነው የማስታውሰው። ስወድቅ የያዘኝ እጅ ብዙ ነበር፤ መሬቱን አልነካሁትም። «አብሽር፣ አብሽር» ይለኛል አንዱ በጆሮዬ። ብሩክ ከኋላ ወገቤን ይዞኛል።

ትንፋሼ ሲመለስ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ቀብሩስ?»

«ተቀበረ ልጄ። አስር ላይ» አሉኝ አጎቴ።

ብሩክ ስልኬን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እገዳውን አንሥቼ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ወንድምዬ፣ ምነው ስልኩን ዘጋህብኝ?» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ዙህር ላይ እንቅበር ሲሉ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩልህ። እንድሪስ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ቀትር ላይ የሚነሣ አለ፣ እስከ አስር ጠብቁልኝ አልኳቸው። ጠበቁህ። አጥበው በከፈን ገንዘውት በሩ አጠገብ አስተኝተውት ነበር። መኪና በሰማን ቁጥር መጣ፣ መጣ እያልን...»

አልጨረሰችውም። እኔም አልጨረስኩላትም።

ካዛንቺስን ለሚያውቅ ሰው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሩቅ አይደለም። ዘሃራ ስለ አውሮፕላኑ ለአጎቴም ነግራቸው ነበር። «እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ በስልክ እንዳታስደነግጪው» ብለው ዘግተውባታል። ይህን ስሰማ ቀና ብዬ አየኋቸው። ሰውየው በቁማቸው ያለቅሱ ነበር።

«እኔ በአውቶብስ ነው ያሰብኩት ልጄ» አሉኝ። «ቢሰማም አይደርስም፣ መንገድ ላይ ብቻውን አቅሉን ከሚስት፣ ወገን ተሰብስቦ ይንገረው አልኩ። ለእኔ መርዶ እንደዚያ ነው የተነገረኝ። እሷ አውሮፕላን ስትል ልቤ አልሰማትም።»

በማግስቱ በአጎቴ አሮጌ ቶዮታ ኮምቦልቻ ገባን። መቃብሩ ላይ አፈሩ እንደረጠበ ነበር። አባትን መቃብር ውስጥ የሚያስገባው ወንድ ልጁ ነው፤ የእኔን አባት የጎረቤት ልጆች አስገቡት። እጄን አፈሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የሚመልስልኝ አለመኖሩን ብቻ አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ብሩክ ሊያስተዛዝነኝ ለተዝያ መጣ። አዳሩን ሲጓዝ ያደረ ፊት ነበረው። ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ያቺን መስመር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልትሰግድ ስትወጣ» አለኝ።

«ገብቶኛል።»

«ካለቀ ቤት ትሄዳለህ፣ ሰዉ ሳይሰበሰብ ብቻህን ትሰማለህ ብዬ ፈራሁ። አጎትህ አደራ ብለውኝ ነበር።»

«መጀመሪያ የደወለችው ዘሃራ ነበረች?»

«ስሟን አየሁት። ዘጋሁት። ስለ አውሮፕላኑ ግን አላወቅኩም፣ እንድሬ። በማርያም አላወቅኩም።»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ ግን ስወድቅ የያዘኝ እጅ የእሱ እንደነበርም አልረሳሁም። ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከሥራ ሌላ ሳናወራ ብዙ ቆየን። እሱ ያን የጫንኩለትን ጥቁር ኤዲተር አልተወውም፤ በእሱ መሥራት ጀመረ። እኔ ደግሞ የራሴን ኦቶኮምፕሊት አጠፋሁት። ሁለት ፊደል ስጽፍ ዝርዝሩ ከሥር ብቅ ሲል የአስር አዛን ይሰማኛል፣ ራሴ ሳጨበጭብ ይታየኛል። ስለዚህ እያንዳንዷን ቃል እስከ መጨረሻ ፊደሏ በእጄ እጽፍ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ወግ ልሰድብ አይደለም ይህን የምጽፈው። ያ ሁሉ ሰው ባይሰበሰብልኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ሳይበላ መርዶ አይነገርም ብለው ያጎረሱኝ እትዬ አልማዝ እናቴ ሆነውልኝ ነበር። ግን መርዶን መያዝ የተማርነው መንገዱ ሩቅ፣ ወሬውም አዝጋሚ በነበረ ጊዜ ይመስለኛል፤ ያኔ ሟች ተቀብሮ ካለቀ በኋላ ነበር ወሬው የሚደርሰው። አሁን ወሬው የሚደርሰው ሬሳው ሳይነሣ ነው። ለእኔ ብለው የደበቁኝ ነገር የእኔ ነበር። ለዘመዶቼ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ለእኔ የሆነ ነገር ካለ ስትሰሙ ንገሩኝ። መንገድ ላይ ብወድቅም ልውደቅ።

ይህን ማለት ግን ቀላል ነው። ዓመት ሳይሞላ አንድ ጠዋት የብሩክ ታላቅ ወንድም ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ።

«እናታችን አረፉ» አለኝ። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ብሩክ አይደርስም። አደራህን፣ ሥራ ቢጤ ስጠውና ያዝልን። እዚያ ያሉት ዘመዶች ማታ ቤቱ ተሰብስበው ይነግሩታል።»

እሺም እምቢም ሳልል ዘጋሁት። ከጎኔ ብሩክ ኮድ ይጽፋል። አጎቴ ሰይድ ጋ ደወልኩና «መኪናዎትን ይዘው አሁኑኑ ካዛንቺስ ይምጡልኝ» አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው አንድ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከዚያ የብሩክን ወንበር ወደ እኔ አዞርኩት።

«ብሩኬ፣ ስማኝ። እናትህ አረፉ። አሁን ከተነሣን ትደርሳለህ።»

አየኝ። ከዚያ ከወንበሩ ወደቀ። እኔ አንድ ነኝ፤ አልቻልኩትም። ቅንድቡ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። እትዬ አልማዝ ሮጠው መጥተው ሲያዩ «እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው አይደለህም?» ብለው ጮኹብኝ።  ሰው ሲሰበሰብ የሚይዘው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ በእጄ አወቅኩት። ወንድሙ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

አጎቴ ሰይድ ግን በሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቁ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ራሳቸው ነዱት። እኔ ከኋላ ወንበር የብሩክን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ቅንድቡን በጨርቅ ይዤለት ሄድኩ።

ከሐዘን ተመልሶ ቢሮ የገባ ቀን ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበር። ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን ሳይከፍት፣ ወደ እኔም ሳያይ «ፊቷን አየሁት» አለኝ። «ሳጥኑን ከፍተው አሳዩኝ።»

«እሺ» አልኩት። 

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያጠፋሁትን ኦቶኮምፕሊት መልሼ ከፈትኩት። ሁለት ፊደል ጻፍኩ። ዝርዝሩ ከሥር ብቅ አለ። አንደኛ ላይ ያስቀመጠው ቃል እኔ የፈለግኩት አልነበረም፤ ስቷል። ለአባቴ እሱ አይስትም ብዬው ነበር። «እሺ፣ እንግዲያው ምን ነበር?» ሲል ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ አዲስ አለቀስኩ፤ ብሩክም ወንበሩን ሳበና እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ።